ቀስ ያለ ሁሉ ሰነፍ ነው?

ስለ አርሲ ምንም የማያውቅ ሰው እንኳ አንድ ነገር ያውቃል፤ ሩጫ። ኃይሌ ገብረሥላሴ የአሰላ፣ ደራርቱ ቱሉ፣ ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳ በቀለና የዲባባ እህትማማቾች የበቆጂ አካባቢ ልጆች መሆናቸውን ለማወቅ ጋዜጣ ማገላበጥ አያስፈልግም። በዚህም የተነሣ ከጭላሎ ተራራ ሥር የበቀልን ሁሉ ፈጣን እንድንሆን ይጠበቅብናል። አዲስ አበባ ገብታችሁ መንገድ ስትሻገሩ እግራችሁን ጎተት ካደረጋችሁ «አንተ ደሞ የምን አርሲ ነህ?» ትባላላችሁ።

ቀልዱን እንደ ቀልድ እንለፈው። ከቀልዱ በስተጀርባ ያለው እምነት ግን ቀልድ አይደለም። ፍጥነትን የባሕርይ መለኪያ አድርገነዋል። ፈጣን ማለት ጎበዝ፣ ቀስ ያለ ማለት ሰነፍ፤ የሚሯሯጥ ማለት ታታሪ፣ የተቀመጠ ማለት ሥራ ፈት። በዚህ መለኪያ ሰው ይቀጠራል፣ ሰው ይባረራል፣ ልጅ ይገረፋል። እውነት ግን ቀስ ያለ ሁሉ ሰነፍ ነው? ለዚህ ጥያቄ ምስክር አድርጌ የማቀርበው ፈላስፋ ወይም ሽማግሌ አይደለም። ኮምፒውተር ነው። ምነው ቢሉ፣ የፍጥነት አምላኪ የሆነው የኮምፒውተር ዓለም ራሱ ይህን ጥያቄ ተጋፍጦ መልስ ለማበጀት ብዙ ስለደከመ ነው።

አሰላ ውስጥ ኮምፒውተር የሚጠግን አንድ ወጣት አውቃለሁ። ሥራው ላይ እያለ ማውራት ይወዳል። «ጋሼ» አለኝ አንድ ቀን፣ «ሰው ላፕቶፑን ሲያመጣ የመጀመሪያ ትእዛዙ ምን እንደሆነ ያውቃሉ? ‹ፍጥነቱን መጨረሻው ላይ አድርግልኝ› ነው። ምን ልትሠራበት ነው ስለው ደብዳቤ ሊጽፍበት ነው! ወር ሳይሞላ ደግሞ ‹ባትሪው አልይዝ አለ፣ ጭኔን አቃጠለኝ› ብሎ ተመልሶ ይመጣል።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ፕሮሰሰር የምንለው የኮምፒውተሩ አንጎል የሚሠራው እንደ ልብ ምት ባለ ትርታ ነው። 2 ጊጋኸርዝ ሲባል በሴኮንድ 2 ቢሊዮን ጊዜ ይመታል ማለት ነው። ብዙዎቻችን ይህ ቁጥር እንደ ሰው ቁመት አንዴ ከተሰጠ የማይለወጥ ይመስለናል። አይደለም። ዊንዶውስ ይሁን ሊኑክስ ወይም በስልካችን ላይ ያለው አንድሮይድ፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ዓይን ተርገብግቦ እስኪከደን እንኳ ሳይጠብቅ ፕሮሰሰሩን እየደጋገመ ይጠይቀዋል፤ «ካለፈው ጊዜህ ምን ያህሉን በሥራ፣ ምን ያህሉን በመጠበቅ አሳለፍክ?» ሥራ ከበዛ ትርታው ይጨመራል፤ ከቀለለ ይቀነሳል። እናንተ ደብዳቤ ስትጽፉ በአንድ ፊደልና በሚቀጥለው ፊደል መካከል ያለው ጊዜ ለእናንተ ምንም ነው፤ ለፕሮሰሰሩ ግን የዕረፍት ዘመን ነው። በአዳዲሶቹ ማሽኖች ደግሞ የውሳኔው ከፊል ለራሱ ለፕሮሰሰሩ ተትቶለታል። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይህን የሚወስነውን ክፍል የሊኑክስ ሰዎች «ገቨርነር» ይሉታል። ስሙ ለባለወፍጮዎቻችን አዲስ አይደለም። የናፍጣ ሞተር ባለበት ወፍጮ ቤት ደጃፍ ቆማችሁ የምታውቁ እንደሆነ፣ እህሉ ድንጋዩ መካከል ሲገባ የሞተሩ ድምፅ ጎርነን ሲል ሰምታችኋል። በዚያች ቅጽበት በሞተሩ ውስጥ የሚሽከረከሩት ክብደቶች ረገብ ይላሉ፤ መርገባቸው የናፍጣውን መንገድ ይከፍታል፤ ሞተሩም ነፍስ ይዘራል። እህሉ ሲያልቅ ናፍጣው ይቀንሳል። ያ ዕቃ ገቨርነር ነው። የወፍጮው ገቨርነር ፍጥነቱን እኩል አድርጎ ለማቆየት ነዳጁን ይለዋውጣል፤ የኮምፒውተሩ ደግሞ ፍጥነቱን ራሱን ይለዋውጣል። ሁለቱን የሚያመሳስላቸው አንድ ነገር ነው፤ ጭነትን ይሰማሉ። ባዶ ድንጋይ እያሽከረከረ ሙሉ ናፍጣ የሚያቃጥል ሞተር ያለው ባለወፍጮ ሞተሬ ታታሪ ነው ብሎ አይፎክርም፤ መካኒክ ነው የሚጠራው።

ለመሆኑ ዝግ ማለት ምን ይጠቅማል? ሥራው ያው ሥራ አይደል? እዚህ ላይ ነው ትንሽ ስሌት የሚያስፈልገን። ፕሮሰሰር ዝግ ሲል በአነስተኛ ቮልቴጅ መሥራት ይችላል። በየትርታው የሚበላው ኃይል ደግሞ ከቮልቴጁ ጋር በቀጥታ የሚሄድ ሳይሆን ቮልቴጁ በራሱ ሲባዛ ከሚመጣው ጋር የሚሄድ ነው። ፍጥነቱን በግማሽ ቀንሰን ቮልቴጁን በአንድ አምስተኛ አወረድነው እንበል። ሥራው እጥፍ ጊዜ ይፈጃል፤ ለዚያው ሥራ በትርታው የሚወጣው ኃይል ግን 64 በመቶ ብቻ ይሆናል። የቀረው 36 በመቶ የችኮላ ዋጋ ነበር ማለት ነው። ወዴት ይሄድ ነበር? ወደ ሙቀት። ጭን ወደማቃጠል።

ይህን ሐሳብ በ1994 በአሜሪካ ዜሮክስ ኩባንያ የምርምር ማዕከል ማርክ ዋይዘርና ባልደረቦቹ በጽሑፍ አቀረቡት። ኢንቴል «ስፒድስቴፕ» ያለውን ዘዴ በ2000 ላፕቶፕ ውስጥ አስገባው። ትልቁ ትምህርት የመጣው ግን በ2004 ነው። እስከዚያ ድረስ የፕሮሰሰር ሠሪዎች ውድድር አንድ ብቻ ነበር፤ የትርታውን ቁጥር መጨመር። በዚያ ዓመት ኢንቴል ሊያወጣው የነበረውን ባለ 4 ጊጋኸርዝ ፔንቲየም 4 መተዉን አስታወቀ። ሙቀቱ አላስኬድ ብሎ ነበር። ከዚያ በኋላ የተያዘው መንገድ አንዱን ፕሮሰሰር ማስጋለብ ሳይሆን በአንድ ቺፕ ላይ ሁለት፣ አራት፣ ስምንት አድርጎ ሥራውን ማካፈል ሆነ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለውን ለማወቅ ያን ሁሉ ገንዘብ ባያወጡ ኖሮ እኛ በነፃ እንነግራቸው ነበር!

እንግዲህ ወደ ሰው እንመለስ። ከአሰላ ወደ በቆጂ በሚወስደው አስፋልት በመኪና የሚያልፍ የከተማ ሰው፣ በሥራ ፈረቃ መካከል ጋቢውን ተከናንቦ ዛፍ ሥር የተቀመጠ ገበሬ ያያል። «ይህ ሕዝብ እንዲህ ተቀምጦ እንዴት ይለፍለት?» ይላል። ያው ገበሬ ግን ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ፣ ስንዴው ደርሶ ሰማዩ ሲጠቁር፣ ኮምባይነር ፍለጋ ሲንከራተት ወይም ቤተሰቡንና ደቦውን አስከትሎ ማጭድ ሲጨብጥ እንቅልፍ የሚባል ነገር አያውቅም። መንገደኛው የተሳሳተው በዓይኑ አይደለም፤ ያየው እውነት ነው። የተሳሳተው ናሙናውን በወሰደበት ወር ነው። በአንዲት ቅጽበት ተመልክቶ የሰውን ዕድሜ መፈረጅ ኮምፒውተሩ እንኳ የማያደርገው ነገር ነው፤ እሱ ቢያንስ ደጋግሞ ይጠይቃል።

ሯጮቻችንም ይህን ያውቃሉ። የአሰላንና የበቆጂን አትሌቶች ልምምድ ያየ ሰው ከብርቱው ቀን በኋላ ቀላል ቀን እንደሚከተል ይነግራችኋል። በ2004 የአቴንስ ኦሊምፒክ ቀነኒሳ 10 ሺህ ሜትሩን ያሸነፈው በ27 ደቂቃ ከ5 ሴኮንድ ነው። በትራኩ 25 ዙር ነውና ለአንድ ዙር በአማካይ 65 ሴኮንድ ይደርሳል። የመጨረሻዋን ዙር ግን የጨረሳት በ53 ሴኮንድ ገደማ ነው። ሃያ አምስቱንም ዙር በዚያች ፍጥነት ይሩጥ ብትሉት 22 ደቂቃ ይሆናል፤ እስከ ዛሬ እንዲህ የሮጠ ሰው የለም፤ የዓለም ክብረ ወሰን እንኳ ከ26 ደቂቃ አልወረደም። በ53 ሴኮንድ መሮጥ የቻለው ሃያ አራቱን ዙር በ53 ባለመሮጡ ነው። ቁጠባው የጉልበቱ አካል እንጂ የስንፍናው ምልክት አልነበረም።

ይህን ያነበበ ሰነፍ ግን ደስ አይበለው! ነገሩ ሌላም ገጽ አለው።

መጀመሪያ፣ ዝግታ ሁልጊዜ አይቆጥብም። ፕሮሰሰሩ ሲያዘግም ስክሪኑ፣ ሜሞሪው፣ ሌላው ሁሉ በርቶ ይጠብቀዋል፤ እነሱም ይበላሉ። ስለዚህ አንዳንዱን ሥራ ቶሎ ጨርሶ ጭልጥ ያለ እንቅልፍ ውስጥ መግባት ይሻላል። አንድ ሰው እያዘገመ አሥር ሰው የሚያስጠብቅ ከሆነ፣ የእሱ ቁጠባ የአሥሩ ኪሣራ ነው።

ሁለተኛ፣ ጭነት ሲመጣ መነሣት ግዴታ ነው። ሊኑክስ ላይ በርካታ ዓይነት ገቨርነር አለ። አንዱ ሁልጊዜ ላይ ነው፤ አንዱ ሁልጊዜ ታች ነው፤ አንዱ በደረጃ ቀስ እያለ ይወጣል ይወርዳል። በ2004 የተጨመረውና ለብዙ ዓመት በሰፊው ያገለገለው «ኦንዲማንድ» የሚባለው ጠባዩ ደስ ይላል። ጭነቱ ከተወሰነ ልክ ካለፈ ደረጃ አይቆጥርም፤ በአንድ ጊዜ ወደ መጨረሻው ፍጥነት ይዘላል። ሥራው ሲቀል ነው እንደ ሥራው መጠን የሚወርደው። በሌላ አነጋገር፣ ሲጠራጠር ለሚጠብቀው ሰው ያደላል። ይህን ጠባይ በየመሥሪያ ቤቱ መስኮት ብናገኘው ምን ነበረበት?

አንድ መሥሪያ ቤት ያየሁትን ልንገራችሁ። ስሙ ይቅር። ከገጠር የመጡ አንድ አዛውንት ከጠዋት ጀምሮ ተቀምጠዋል። ጉዳያቸው አንድ ፊርማ ነው። ውስጥ ያለው ሠራተኛ ደግሞ ለአፍታ አላረፈም። ፋይል ያወጣል፣ ፋይል ያስገባል፣ ከክፍል ክፍል ይበራል፣ ስልክ ያነሣል። «አባባ፣ ሥራ በዝቶብናል፣ ይታገሡ» ይላቸዋል እያለፈ። አዛውንቱ ራሳቸውን ነቅንቀው «የእኔ ልጅ፣ እሱንስ እያየሁ ነው፤ ያልገባኝ ለማን እንደምትሠራ ነው» አሉት። የኮምፒውተር ሰዎች ለዚህ ነገር ስም አላቸው፤ ሥራ በዝቶበት መጠበቅ። አንድ ፕሮግራም የሆነ ነገር እስኪመጣለት በመጠበቅ ፈንታ «መጣ? መጣ? መጣ?» እያለ በሴኮንድ ሚሊዮን ጊዜ ራሱን ይጠይቃል። ሠርቶ ያስረከበው ነገር የለም፤ በመቶኛ ሲለካ ግን መቶ በመቶ ሥራ ላይ ነው። ገቨርነሩም ይታለልና ፍጥነት ይጨምርለታል። ምስኪኑ ገቨርነር የሚቆጥረው መንቀሳቀስን እንጂ መጥቀምን አይደለም።

እኛስ? የምንቆጥረው የትኛውን ነው? ቢፒአርና ውጤት ተኮር ምዘና በየመሥሪያ ቤቱ በገቡበት ዘመን ሥራ በደቂቃ ተለክቶ በየግድግዳው ተለጥፎ ነበር። የሰው እንግልት መቁረጥ የሚባለው ዓላማው ቅዱስ ነው። ነገር ግን ለመለካት የሚቀለው ሁልጊዜ እንቅስቃሴው ነው፤ ስንት ፋይል ተነካ፣ ስንት ሰዓት ተቀመጠ፣ ስንት ስብሰባ ተካሄደ። ሰው ደግሞ ብልህ ነው፤ በምን እንደሚለካ ካወቀ የሚለካውን ነገር ያመርታል።

ሌላም ድክመት አለ። ኦንዲማንድን የመሰለ ገቨርነር የሚያየው ያለፈውን ብቻ ነው። ጭነቱ መጥቶ፣ ተለክቶ፣ ፍጥነቱ እስኪጨመር ሥራው አልፎ ሊሆን ይችላል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። በ2016 ሊኑክስ ውስጥ የገባው አዲሱ ዘዴ ይህን ለማሻሻል በየጊዜው ናሙና ከመውሰድ ይልቅ ሥራ የሚያከፋፍለውን ክፍል በቀጥታ መጠየቅ ጀመረ። ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ የሠራተኛን ጭነት ለማወቅ የምትፈልግ አለቃ በመስኮት አጮልቀህ ከምታይ ሥራ የሚሰጠውንና የሚቀበለውን ጠይቅ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ደረስን። ፍጥነት እንደ ሥራው ከፍ ዝቅ ማለቱን ከተቀበልን፣ ማን ነው የሚወስነው? ፍጥነቱ የተቀነሰበትስ ይነገረዋል?

በ2017 አፕል ኩባንያ ዓለምን ያነጋገረው በዚህ ነው። ባትሪያቸው ያረጀ አይፎኖች ድንገት እየጠፉ ያስቸግሩ ነበር፤ ያረጀ ባትሪ ፕሮሰሰሩ በኃይል ሲነሣ የሚጠይቀውን ጉልበት መስጠት ያቅተዋል። ኩባንያው በሶፍትዌር ማሻሻያ የእነዚህን ስልኮች ፍጥነት ገታ አደረገው። ምክንያቱ በምሕንድስና ዓይን ምንም አይወጣለትም። ያረጀ ልብ ያለው ሰው ዳገት ላይ ቀስ ይበል እንደማለት ነው። ጥፋቱ ለባለቤቱ በግልጽ አለመነገሩ ነበር። ሰዉ ስልኬ አረጀ ብሎ አዲስ ሊገዛ ይችላል፤ የሚያስፈልገው ባትሪ መቀየር ብቻ ሆኖ ሳለ። ነገሩ በታኅሣሥ 2017 ሲወጣ ኩባንያው ይቅርታ ጠየቀ፤ የባትሪ መቀየሪያውን ዋጋ ከ79 ዶላር ወደ 29 አወረደ። በ2020 የፈረንሳይ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ደንበኞችን አላሳወቀም ብሎ 25 ሚሊዮን ዩሮ ቀጣው፤ አሜሪካ ውስጥም የተከሰሰበትን ጉዳይ እስከ 500 ሚሊዮን ዶላር በሚደርስ ክፍያ ለመጨረስ ተስማማ።

ፈረንሳዮቹ የቀጡት ዝግታውን እንዳልሆነ ልብ በሉ። የቀጡት ዝምታውን ነው።

ከዚህ ጋር አንድ ሌላ ዝግታ ላነጻጽር። ቀደም ብዬ የጠቀስኩት የአቴንስ ሩጫ ላይ ኃይሌም ነበረ። በ1996ና በ2000 ያሸነፈውን ሦስተኛ ለመድገም የቋንጃ ሕመሙን ይዞ ነበር የገባው። ውድድሩ መካከል ላይ ኃይሌ ወደ ኋላ ቀረት ሲል ቀነኒሳና ስለሺ ስህን እየተገላመጡ ሲያዩትና ፍጥነታቸውን ገታ ሲያደርጉ አገር በሙሉ በቴሌቪዥን አየ። በመጨረሻም አልሆነም፤ ቀነኒሳ አንደኛ፣ ስለሺ ሁለተኛ፣ ኃይሌ አምስተኛ ወጡ። በሰዓት መያዣ ብቻ ብንፈርድ እነዚያ የተገቱ ሜትሮች ብክነት ናቸው። ኢትዮጵያዊ ሁሉ ግን እንባ እየተናነቀው ያያቸው ብክነት መስለውት አይደለም።

ያ ዝግታ ከስልኩ ዝግታ በምን ይለያል? በሁለት ነገር። እነ ቀነኒሳ የቀነሱት የራሳቸውን ፍጥነት እንጂ የሌላ ሰው አይደለም፤ ሜዳሊያ ቢያመልጥ የሚያመልጠው እነሱን ነው። ደግሞም ያደረጉት በአደባባይ፣ ዓለም እያየ ነው። ከዚህም በላይ ኮምፒውተር የማይችለውን ነገር አደረጉ። ገቨርነር የሚለካው ራሱ የተሸከመውን ጭነት ብቻ ነው። ጎኑ ያለው ማሽን ቢቃጠል አይሰማውም። ሰው ግን የሌላውን ጭነት አይቶ የራሱን ፍጥነት መለወጥ ይችላል፤ ጎረቤቱ ስንዴ ላይ ዝናብ ሲያንዣብብ ደቦ ወጥቶ ይሮጣል፤ ወንድሙ ሲያነክስ ቀስ ይላል። ለእኔ የሰው ፍጥነት ከማሽን ፍጥነት የሚለየው እዚህ ላይ ነው።

ስለዚህ «ቀስ ያለ ሁሉ ሰነፍ ነው?» ለሚለው መልሴ አይደለም ነው፤ የሚሯሯጥም ሁሉ ታታሪ አይደለም። ሰነፍ ማለት ጭነቱ ደጁ ቆሞ እያየ የማይነሣ ነው፤ በጠዋት መጥተው እስከ ማታ የተቀመጡትን አዛውንት የማያይ። ጨካኝ ማለት ደግሞ ሰውን ሁልጊዜ መጨረሻው ፍጥነት ላይ አድርጎ ጭኑ ሲቃጠል «ምን ሆነህ ነው?» የሚል ነው። ከወሊድ ፈቃድ የተመለሰችውን የሥራ ባልደረባችሁን አስቡ። ሌሊቱን ከሕፃን ጋር ነቅታ አድራ ጠዋት ወንበሯ ላይ ተገኝታለች። የምዘናው ቅጽ ስንት ፋይል እንደጨረሰች ይጠይቃል። ሌሊቱን የሚጽፍበት መስመር የለውም። አለቃዋ ግን ሰው ነውና ቅጹን ከመሙላቱ በፊት ራሷን ሊጠይቃት ይችላል።